ዕቃው ሳያረጅ ለምን ይሞታል?

ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ነን። ስለ ከርነልና ስለ ድራይቨር መጻፍ የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ፈንታ እንጂ የእኛ አይደለም የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ዳሩ ግን ነገሩን ቀረብ ብለን ስንመረምረው የሽቦና የኤሌክትሪክ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አላገኘነውም። ዋናው ክርክር ስለ ጽሑፍ ነው፤ ማን ጻፈው፤ ማን ያነብበዋል፤ ማንስ ለሚመጣው ዘመን ይገለብጠዋል የሚል ነው። ይህ ደግሞ ከአርትስ ተማሪ የራቀ ጥያቄ አይደለም።

አሳባችንን ከመጀመሪያው በግልጽ እንናገር። በየቢሮው ጥግና በየዕቃ ቤቱ ተከምረው አቧራ ከሚጠጡት ትናንሽ ኮምፒዩተሮች መካከል ጥቂት የማይባሉት የሞቱት አርጅተው አይደለም። ሽቦአቸው ደኅና ነው፤ ቺፓቸውም ይሠራል። የሞቱት ድራይቨራቸውን ወደ አዲስ ከርነል የሚያሻግርላቸው ስላጡ ነው። አሻጋሪ ያጡበትም ምክንያት ብዙ ጊዜ የሚችል ሰው ስለ ጠፋ ሳይሆን ጽሑፉ ተቆልፎ ስለ ተያዘ ነው። እኛ ይህን መቆለፍ እንደ ተፈጥሮ ሕግ መቀበል አይገባንም እንላለን።

ለነገሩ እንግዳ ለሆነ አንባቢ አስቀድመን ቃላቱን እናስረዳ። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ በኢትዮጵያ ካላልን በቀር፣ ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኢምቤድድ የሚሉት በሌላ ዕቃ ሆድ ውስጥ የተቀበረ ኮምፒዩተርን ነው። ኢንተርኔት የሚያከፋፍለው ራውተር፣ በር ላይ የተሰቀለው የጥበቃ ካሜራ፣ በሱቅ ያለው የገንዘብ መመዝገቢያ፣ በሐኪም ቤት ያለው መለኪያ፣ እነዚህ ሁሉ በሆዳቸው ኮምፒዩተር ሊኖራቸው ይችላል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። ከርነል ማለት ፕሮግራሞችን ሁሉ የሚያስተዳድር ፕሮግራም ነው፤ ለእያንዳንዱ ተራ ይሰጣል፤ ማኅደረ ትውስታ ያከፋፍላል፤ ጠብ ሲነሣም ይዳኛል። ነገር ግን ከርነሉ ብቻውን የእያንዳንዱን ቺፕ ጠባይ አያውቅም። የቺፑን ጠባይ የሚያውቀው፣ በሁለቱም መካከል የሚቆመው ክፍል ድራይቨር ይባላል። ስሙ ሾፌር ማለት ቢሆንም ሥራው የአስተርጓሚ ነው።

ሊኑክስን የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ ሥራውን ለሌሎች ያስታወቀው ኦገስት 25 ቀን 1991 ነው። ያን ጊዜ የ21 ዓመት ወጣትና የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ በዕድሜም በሁኔታም እኛን የመሰለ ማለት ነው። በ1992 ሥራውን ጂ ፒ ኤል በሚባለው ፈቃድ ሥር አደረገው። የዚህ ፈቃድ ፍሬ ነገር አጭር ነው፤ ፕሮግራሙን የተቀበለ ሰው ምንጭ ኮዱንም የማግኘት መብት አለው፤ አሻሽሎ የሚያከፋፍልም ሰው ያንኑ መብት ለሚቀጥለው ተቀባይ መንፈግ አይችልም።

እንግዲህ ችግሩ የት ላይ ነው? ከርነሉ ሁለት በሮች አሉት። አንደኛው ለተጠቃሚ ፕሮግራሞች የሚከፈተው የውጭ በር ነው፤ ይህ እንዳይለወጥ ሠሪዎቹ በብርቱ ይጠነቀቃሉ። ሁለተኛው ለድራይቨሮች የሚከፈተው የውስጥ በር ነው፤ ይህ ግን እንደ አስፈላጊነቱ ይለወጣል። አዲስ ከርነል የሚወጣው በ9 ወይም በ10 ሳምንት አንድ ጊዜ ስለ ሆነ፣ የዛሬ አምስት ዓመት የተጻፈ ድራይቨር ዛሬ በሩ ላይ ቢደርስ የሚያውቀውን ቋንቋ የሚናገር ላያገኝ ይችላል።

ምሳሌ እንስጥ። ድራይቨሩ የተጠቃሚውን ማኅደረ ትውስታ ለመንካት የሚጠይቅበት «አክሰስ ኦኬ» የሚባል ጥሪ አለ። እስከ 4.20 ድረስ ሦስት ነገር ይነገረው ነበር፤ በማርች 2019 በወጣው በ5.0 ግን ማንበብ ነው ወይስ መጻፍ የሚለው ቃል ጥቅሙ ስለ ቀረ ተሰረዘና ሁለት ብቻ ሆነ። «አይ ኦ ሪማፕ ኖካሽ» የሚባለው ጥሪ በማርች 2020 በወጣው በ5.6 ተሻረ፤ ያንኑ ሥራ ሌላው አጭሩ ጥሪ ይሠራው ስለ ነበር ነው። በጃንዋሪ 2018 በወጣው በ4.15 ደግሞ የሰዓት ቆጣሪዎች አሠራር ተለወጠ። ቀድሞ ጊዜው ሲደርስ ለሚጠራው ክፍል አንድ ቁጥር ይሰጠው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ቆጣሪው ራሱ ይሰጠዋል። ምክንያቱ የጥበቃ ነው፤ በቀድሞው አሠራር አጥቂ በማኅደረ ትውስታ ውስጥ የሚጠራውንም ክፍል የሚሰጠውንም ቁጥር በአንድነት ለመለወጥ ይመቸው ነበር።

ታዲያ አንድ ድራይቨር ወደ አዲሱ ከርነል ይሻገር ሲባል ሥራው ምንድን ነው? ውጫዊው ክፍል ቀላል ነው። ድራይቨሩን በአዲሱ ከርነል ላይ ያጠናቅሩታል፤ ኮምፓይለሩ ይቆጣል፤ የተቆጣበትን መስመር ይዘው ጥሪው መቼና ለምን እንደ ተለወጠ ከታሪኩ መዝገብ ውስጥ ይፈልጋሉ። ከኤፕሪል 2005 ጀምሮ የከርነሉ ለውጥ ሁሉ ጊት በሚባለው መዝገብ ተይዟል፤ ለውጡን ያደረገውም ሰው ምክንያቱን በዚያው ይጽፋል። ማንበብ የለመደ ሰው እዚህ ላይ ይጠቀማል።

አስቸጋሪው ኮምፓይለሩ ዝም ካለ በኋላ የሚመጣው ነው። ድራይቨሩ ይጫናል፤ ስሕተት የለም ይባላል፤ ዕቃው ግን አይነቃም። ለምሳሌ በኤ አር ኤም ቺፕ በተሠሩ ዕቃዎች ላይ፣ የትኛው ቺፕ በየትኛው አድራሻ እንደሚገኝ ቀድሞ በከርነሉ ኮድ ውስጥ ለየቦርዱ በተለየ ፋይል ይጻፍ ነበር። ፋይሉ እጅግ እየበዛ ስለ ሄደ በ2011 ቶርቫልድስ በግልጽ አማረረ፤ ከዚያም ወዲህ ይህ መግለጫ ከኮዱ ወጥቶ ዲቫይስ ትሪ በሚባል የተለየ ጽሑፍ እንዲጻፍ ተደረገ። ስለዚህ የጥንት ቦርድ የሚያሻግር ሰው ድራይቨሩን ብቻ ሳይሆን የቦርዱን ሙሉ መግለጫ እንደ ገና ይጽፋል። አንድ አድራሻ ቢሳሳት ዕቃው ዝም ይላል እንጂ ምክንያቱን አይናገርም።

ለዚህም ቢሆን መላ አለው። በደኅናው ከርነልና በተበላሸው መካከል 1,000 ያህል ለውጦች ቢኖሩ፣ መካከለኛውን እየፈተኑ ግማሹን እየጣሉ መሄድ ይቻላል፤ በ10 ሙከራ ያህል ጥፋተኛው ለውጥ ይያዛል። ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው እንጂ ተአምር የሚጠይቅ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደረስን። ከላይ የዘረዘርነው ድካም ሁሉ የሚወድቀው ከዋናው የከርነል መጽሐፍ ውጭ በቀሩት ድራይቨሮች ላይ ነው። በዋናው ውስጥ ለገባ ድራይቨር ደንቡ ሌላ ነው፤ የውስጡን በር የሚለውጥ ሰው በዚያ በር የሚገቡትን ድራይቨሮች ሁሉ አብሮ የማስተካከል ግዴታ አለበት። የሰዓት ቆጣሪው ሲለወጥ በዋናው ውስጥ የነበሩትን በመቶ የሚቆጠሩ ጥሪዎች ያስተካከሉት ለውጡን ያመጡት ሰዎችና ረዳቶቻቸው ናቸው። ከውጭ የቀረውን ግን የሚያስታውሰው የለም። የብራና መጽሐፎቻችን እስከ ዘመናችን የደረሱት ብራናው ስለማይበላሽ አይደለም፤ በየትውልዱ ጸሐፊ እያገኙ ስለ ተገለበጡ ነው። ድራይቨርም እንዲሁ ነው፤ የሚገለበጠው ይኖራል፤ ተደብቆ የተቀመጠው ግን ይጠፋል።

ለዚህ ታሪክ ምስክር አለው። ሊንክሲስ ደብልዩ አር ቲ 54 ጂ የሚባለው ራውተር ለገበያ የወጣው በ2002 መጨረሻ ነው። በ2003 ዕቃው በሊኑክስ እንደሚሠራ ተደረሰበት፤ ጂ ፒ ኤል ይከበር የሚል ጥያቄ በረታ፤ ኩባንያውም ምንጭ ኮዱን አወጣ። ከዚያ ኮድ በመነሣት በ2004 ኦፕንደብልዩአርቲ የሚባለው ሥራ ተጀመረ፤ እስከ ዛሬም ለብዙ ዓይነት ራውተሮች ያገለግላል። ነገር ግን ከወጣው ኮድ ውስጥ አንድ ነገር ጎድሎ ነበር። የብሮድኮም የሬዲዮ ቺፕ ድራይቨር በምንጭ ኮድ አልተሰጠም፤ የተሰጠው ለ2.4 ከርነል የተጠናቀረ፣ ሰው ሊያነብበው የማይችል ፋይል ብቻ ነበር። 2.6 ከርነል በዲሴምበር 2003 ቢወጣም፣ በዚያ ራውተር ላይ ሬዲዮውን የፈለገ ሰው ስለ አንድ ፋይል ሲል ለብዙ ጊዜ በ2.4 ላይ ተቸንክሮ ቀረ።

ሰዎቹ ግን ተስፋ አልቆረጡም። የበጎ ፈቃድ ሠራተኞች በሁለት ወገን ተከፈሉ። አንደኛው ወገን የተዘጋውን ድራይቨር መርምሮ ምን እንደሚያደርግ በቃላት ጻፈ፤ ሁለተኛው ወገን ዋናውን ሳያይ ከዚያ መግለጫ ብቻ ተነሥቶ አዲስ ድራይቨር ሠራ። እንዲህ የተሠራው ድራይቨር በጁን 2006 በወጣው በ2.6.17 ወደ ዋናው ከርነል ገባ። እዚህ ላይ አንባቢያችን ልብ እንዲል እንለምናለን፤ የሥራው ግማሽ ጥሩ አድርጎ የመግለጽ ሥራ ነበር። እኛም ግድ የለሽ ሆነን ለማለፍ አልቻልንም።

አንዳንድ ወገኖች «አሮጌው ከርነል ይሠራ የለም ወይ? ለምን ይነካል?» ይሉ ይሆናል። ለዚህ ሁለት መልስ አለን።

የመጀመሪያው የደኅንነት ነው። «ደርቲ ካው» የተባለው ስሕተት በ2007 በወጣው በ2.6.22 ገብቶ እስከ ኦክቶበር 2016 ድረስ ሳይታረም ኖረ፤ ተራ መብት ያለው ፕሮግራም የማሽኑን ሙሉ ሥልጣን እንዲይዝ የሚያደርግ ነበር። ዋናው ከርነል ታረመ። በድራይቨሩ ምክንያት በአሮጌው ላይ የቀረ ዕቃ ግን እርማቱን ወደ ኋላ ተርጉሞ የሚያስገባለት ካላገኘ ከነቁስሉ ይቀራል።

ሁለተኛው የጊዜ ነው፤ እኛንም ኢትዮጵያውያንን በተለየ ይመለከታል። በሊኑክስ ዘንድ ጊዜ የሚቆጠረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970፣ በኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ጀምሮ በሰከንድ ነው። በ32 ቢት ዕቃዎች ላይ ይህ ቁጥር ሊደርስበት የሚችለው ጣራ 2,147,483,647 ነው። ጣራው የሚነካው ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ነው። በኢትዮጵያ ብናሰላው ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ የጥምቀት ዕለት፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ይሆናል። ሕዝቡ በየባሕረ ጥምቀቱ ከታቦታቱ ጋር አድሮ ውኃው በሚባረክበት ማለዳ፣ ያልታረመው ዕቃ በሚቀጥለው ሰከንድ ወደ ዲሴምበር 1901፣ ይኸውም ወደ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ይመለሳል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ያለ ይመስለዋል ማለት ነው። ለመመዝገቢያ ማሽንና ለሐኪም ቤት መለኪያ ይህ ቀልድ አይደለም።

መድኃኒቱ ተገኝቷል። በ32 ቢት ዕቃ ላይ ከ2038 ለሚያልፍ ሥራ መሠረት ለመሆን የበቃው የመጀመሪያው ከርነል በማርች 2020 የወጣው 5.6 ነው፤ ከእርሱም ጋር የሲ ቤተ መጻሕፍቱና ፕሮግራሞቹ እንደ ገና መጠናቀር አለባቸው። ከ5.6 በፊት በነበረ ከርነል ላይ የቆመ ዕቃ ግን መድኃኒቱን ለመቅመስ በመጀመሪያ ድራይቨሮቹ መሻገር አለባቸው። የሚሻገሩትም ምንጭ ኮዳቸው በእጅ ካለ ነው።

ሌሎች ደግሞ ጥፋቱን በከርነል ሠሪዎች ላይ ያደርጋሉ፤ «የውስጡን በር ለምን አይተዉትም? ዓለምን ሁሉ ለምን ያስቸግራሉ?» ይላሉ። ቅሬታው ከንቱ አይደለም፤ በአነስተኛ ገንዘብ ዕቃ ለሚሠራ ሰው ሸክሙ ከባድ ነው። ነገር ግን ግሬግ ክሮ ሃርትማን በዚሁ ጉዳይ የጻፈው መልስ ከከርነሉ ሰነዶች ጋር ተያይዞ ይገኛል፤ ክርክሩም የሚያሳምን መስሎናል። በሩ ባይለወጥ ኖሮ፣ ስሕተት መሆኑ የታወቀ አሠራር ሁሉ ስለ አሮጌ ድራይቨር ተብሎ ለዘለዓለም ይኖር ነበር። የሰዓት ቆጣሪውም ቀዳዳ ሳይደፈን ይቀር ነበር። እርሱ የሚሰጠው ምክር ቀላል ነው፤ ድራይቨርህን ወደ ዋናው አስገባ፤ ሸክሙን የጋራ አድርገው።

ሦስተኛው ክርክር የኩባንያዎች ነው፤ ድራይቨሩ የንግድ ምስጢራችን ነው ይላሉ። ምስጢር የመጠበቅ መብታቸውን አንክድም። ዳሩ ግን ዕቃውን ከሸጡ በኋላ ድራይቨሩን ራሳቸውም ካላሻገሩ፣ ሌላውም እንዳያሻግር ከከለከሉ፣ የሸጡልን ዕቃ ሳይሆን የዕቃ ኪራይ ነው፤ የኪራዩም ዘመን ስንት እንደ ሆነ አልነገሩንም። በውጭ ምንዛሪ ዕቃ ለሚገዛ አገር ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ሁሉም ዕቃ ለዘለዓለም ይኑር እንደማንል ደግሞ ይታወቅልን። ያ የጠቀስነው ራውተር በብዙዎቹ ዓይነቶቹ የነበረው 16 ሜጋባይት ማኅደረ ትውስታ ብቻ ነው፤ ዛሬ የሚወጣው ከርነል አይበቃውም። እንዲህ ያለው በእውነት አርጅቷል፤ በክብር ይሰናበት። የምንቃወመው ጉልበት እያለው የሚቀበረውን ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ለማማረር ብቻ ብዕር አላነሣንም፤ ሦስት አሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ዩኒቨርሲቲያችንም ሆነ ሌላው መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ያለበትን ዕቃ ሲገዛ ከዋጋው ጋር ሦስት ነገር ይጠይቅ። ዕቃው በየትኛው ከርነል ይሠራል? ድራይቨሮቹ በዋናው ከርነል ውስጥ አሉ ወይስ ከውጭ ናቸው? ምንጭ ኮዱስ ከዕቃው ጋር ይሰጣል ወይ? ይህን መጠየቅ ልመና አይደለም። ጂ ፒ ኤል 2 ራሱ ሻጩ ምንጭ ኮዱን አብሮ ካልሰጠ ቢያንስ ለ3 ዓመት የሚጸና የጽሑፍ ቃል እንዲሰጥ ያዝዛል። ፈቃዱ ሻጩን ድራይቨር እንዲያሻግር አያስገድደውም፤ ለከርነሉ ግን የምንጭ ኮዱን በር ይከፍትልናል። ሳይጠየቅ በሩን የሚከፍት ሻጭ ግን ጥቂት ነው።

ሁለተኛ፣ የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ተመራቂዎች በመጨረሻው ዓመት ከሚሠሩት ሥራ ውስጥ አንዱ አንድ የተተወ ድራይቨር ወደ አዲሱ ከርነል ማሻገር ይሁን። ሥራው በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ እንዲያረጅ አንፈልግም፤ ወደ ዋናው ከርነል ይላክ። በዚያ የሚመረምሩት ሰዎች አይራሩም ይባላል፤ መልካም፤ ከእነርሱ እጅ ያለፈ ተማሪ የሚያገኘው ትምህርት ከማርክ ይበልጣል። ለዚህ የሚያስፈልገው ትልቅ ፋብሪካ አይደለም፤ አንድ አሮጌ ቦርድ፣ አንድ ኮምፒዩተርና ትዕግሥት ነው።

ሦስተኛው የእኛው የራሳችን ዕዳ ነው። የሕግ ተማሪ ፈቃዱን ያንብብ፤ ምን መብት እንደሚሰጠንም ለገዢዎች ያስረዳ። የቋንቋ ተማሪ ድራይቨር እንዴት እንደሚሻገር የሚያስረዳ ጽሑፍ በአማርኛና በሌሎቹ ቋንቋዎቻችን ለማዘጋጀት ከቴክኖሎጂ ተማሪው ጎን ይቀመጥ። ዕውቀቱ በእንግሊዝኛ ብቻ ሲቆለፍ፣ ሌላ ዓይነት የተዘጋ ድራይቨር ሆነ ማለት ነው። የቴክኖሎጂ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም ያለ እኛ ይሠራሉ ብለን ተደላድለን የምንቀመጥበት ምክንያት አይታየንም።

በሄልሲንኪ የነበረው ተማሪ ሥራውን ሲያካፍል ይህን ያህል ዓለም ያደርሳል ብሎ የሚገምተው አልነበረም። ያደረሰውም የአንድ ሰው ብልሃት ብቻ ሳይሆን፣ ጽሑፉ ለሚያነብበውና ለሚያስተካክለው ሁሉ ክፍት ሆኖ መቆየቱ ነው። የጥምቀት 2030 ቀጠሮ ደግሞ እንደ ስብሰባ ለሌላ ቀን የሚተላለፍ አይደለም። ለዚያ ማለዳ የሚደርሱ ዕቃዎች ዛሬ እየተገዙ ናቸው፤ ጥያቄውም መጠየቅ ያለበት ዛሬ በግዥው ጠረጴዛ ላይ ነው።